ኦሪጅናል የሚባለው ሰውዬ

እንግዳው እጁን ሲዘረጋ ኦሪጅናል ጨበጠና ቶሎ አልለቀቀውም። መዳፉን ገልበጥ አድርጎ አየ፤ ጥፍሩን አየ፤ ጫማውን አየ። ዕቃ ሲረከብ እንደሚያደርገው ሊያሸተው ምንም አልቀረው።

"አባዬ፣ እጁን መልስለት እንጂ!" አለች ሴት ልጁ፣ እየሳቀችም እያፈረችም።

ኦሪጅናል ገበያው ያወጣለት ስም ነው። የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ በሱቁ ደጃፍ እንኳ አያልፍም። ለእሱ ኦሪጅናል ማለት ከፋብሪካው የወጣ፣ ወንድሞቹን ቁርጥ አድርጎ የሚመስል ማለት ነው። ቅንጣት ታህል ከተለየ ፎርጅድ ነው፣ አበቃ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል፤ ሳይጠረጥር የገዛው ነገር የለም። የሰው ልጅ ግን እንደ ፍሬን ሸራ በካርቶን ታሽጎ አይመጣ ነገር! ያለችው አንዲት ልጅ ናት። "ላገባው ነው" ብላ ይዛ የመጣችውን ሰው ዛሬ ካልለየው መቼ ሊለየው ነው?

"እሱ እኮ ኦሪጅናል ነው" ብላው ነበር ትናንት። በምን አወቅሽ ቢላት፣ "ማንንም አይመስልማ!" አለችው። ማስታወቂያ ነው የምትሠራው፤ እነሱ ዘንድ ኦሪጅናል የሚባለው ማንም ያላሰበው ነገር ነው። ይሄው ነው እንቅልፍ የነሳው። ማንንም የማይመስል ዕቃ ሱቁ ቢመጣ በመጣበት እግሩ ነው የሚመልሰው። ሚስቱን ቢያማክራት፣ እሷ ደግሞ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ ናት፣ "ማኅተም እስኪያርፍበት ሁሉም ኮፒ ነው፤ መጀመሪያ ይጋቡ" ብላ ገላገለችው።

"ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?" አለ ኦሪጅናል፣ እንግዳው ሶፋው ላይ በቅጡ ሳይደላደል።

"ጥርስ እሠራለሁ፣ አባባ።"

"ሐኪም ነህ?"

"አይደለሁም። ሐኪሙ ልኩን ወስዶ ይልክልኛል፤ እኔ ቅርጹንና ቀለሙን እሠራለሁ። ጎኑ ካለው ኦሪጅናል ጥርስ ማንም ካልለየው፣ ያኔ ሥራዬ ተሳካ ማለት ነው።"

ፎርጅድ! ሊል አፉን ከከፈተ በኋላ ኦሪጅናል መልሶ ገጠመው።

የላይኛው የፊት ጥርሱ የራሱ አይደለም። ከዓመታት በፊት ሱቁ ውስጥ አንድ ወፍራም ሞላ ከማሰሪያው ተፈናጥሮ አፉን መታውና ጥርሱን አወለቀው። ሚስቱ ያን ሰሞን እናቷ ዘንድ ነበረች። ዕቃ ላመጣ ብሎ ሌላ ከተማ ሄደ፣ አስተክሎ ተመለሰ፣ ለማንም አልተነፈሰም። ኦሪጅናል የተተካ ጥርስ አለው ቢባል ገበያው በሳቅ ያልቃል። ለሚስቱማ ዛሬ ነገ ሲል መናገሪያው ጊዜ አለፈ።

እንግዲህ ጠያቂው ተጠያቂ ሆኖ ቁጭ አለ። ሻዩን በከንፈሩ ጫፍ ይምጋል። "እህ" ይላል፣ "እም" ይላል። የዚህ ልጅ ዓይን የት ነው ያለው? አፌ ላይ ነው? አይ፣ መጋረጃው ላይ ነው። መጋረጃ ላይ ምን አለው? አውቆ ነው እንጂ!

"የጥርስ ሰው ከሆንክማ" አለች ሚስቱ፣ ብስኩቱን ወደ እንግዳው እያስጠጋች፣ "እስኪ የእሱን ተመልከትልኝ። በዚህ ዕድሜው አንድ እንኳ ያልወለቀ! ሁሉም ኦሪጅናል። ሳቅ እንጂ ሰውዬ፣ አሳየው!"

አልስቅም ቢል የባሰ ያስጠረጥራል። ጆሮው እስኪግል ድረስ አፍሮ ከንፈሩን ገለጥ አደረገ። እንግዳው ቀና ብሎ አንዴ አየውና ዓይኑን መለሰ። ያቺን አስተያየት ኦሪጅናል ያውቃታል፤ እሱ ራሱ አጠራጣሪ ካርቶን ሲከፍት የሚያያት አስተያየት ናት። አለቀልኝ፣ አለ በሆዱ።

"እማማ" አለ እንግዳው፣ "እኔ ዛሬ ልጅ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። የአባባን ጥርስ ስቆጥር ብውል ሁለተኛ ሻይ ማን ይቀዳልኛል?"

እናትና ልጅ ሳቁ። ኦሪጅናል እፎይ ሊል ጀመረና መሀል ላይ ቀረበት። ወይ ጉድ! አልዋሸም፣ እውነቱንም አልተናገረም። የእኔን እንዲህ አሳምሮ ከሸፈነ፣ የራሱን ነገር ከልጄ እንዴት አድርጎ ይሸፍን ይሆን?

ሚስቱ ሻይ ልትጨምር ስትነሳ ኩሽና ድረስ ተከተላት። "ምን ነክቶሽ ነው ጥርስ ጥርስ የምትዪው?" አለ በሹክሹክታ።

"ልፈትነው ነዋ! ገበና ከታች ነው ወይስ ወሬኛ? አንተ ጫማውን ስታይ እኔስ ምን ልይ? ልጁ አይቷል፤ አይቶም ዝም ብሏል። ለእኔ ይበቃኛል።"

"ምኑን ነው ያየው?" አለ፣ አፉን በመዳፉ ከልሎ።

"ኧረ በሞቴ!" ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። "ከሌሎቹ ነጣ አድርገው እኮ ነው የተከሉልህ። ከእናቴ ቤት የተመለስኩ ዕለት ነው ያወቅሁት። ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ዝም ስትል፣ የባሌ ጥርስ ሁሉም የራሱ ነው እያልኩ ለጎረቤቱ አወራ ጀመር። ምን ላድርግ ታዲያ?"

ስንቱን ፎርጅድ አሽትቶ የለየ ሰው፣ አጠገቡ የምታድረውን ሴት አልለያትም። አፈረ። ደስም አለው። ትከሻዋን ነካ አደረጋትና ወጣ።

ሳሎን ሲገባ ሁለቱ ወሬያቸውን አቋርጠው ቀና አሉ። የሴት ልጁ ፊት ላይ ጥያቄ አለ፤ እንግዳው ጉልበቱን ይዞ ይጠብቃል። ኦሪጅናል ወንበር ጎትቶ ከፊቱ፣ የመስኮቱ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተቀመጠ።

"በል እስኪ ልጄ" አለ፣ "ይቺ ያስተከልኳት የፊቷ ሰሞኑን ትነቃነቅብኛለች፤ እያትማ" ብሎ ሴት ልጁ ፊት አፉን እስከ መንጋጋው ከፈተ።