ጀሪካን ይዞ ወደ ዋሻው የሚመጣው ሰውዬ

«ጠጣው!»

ሰውአገኝ ጀሪካኑን የደሳለ አፍንጫ ሥር ደቀነው።

«እናቴ ላይ የረጨኸውን አንተው ጠጣው... ሁላችንም እያየን!»

ቦታው ከላሊበላ ወጣ ያለ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙን አልጽፍም፤ እናንተም ኮመንት ላይ እንዳትገምቱ።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። ሰዉ ደሳለን ከቦታል። ድንጋይ የጨበጠም አለ...

የሰውአገኝ እናት እማማ አስቻለች ይባላሉ። ልጃቸው ከዐረብ አገር በሰላም ብትመለስ ዋሻውን ዓመት ሙሉ ሊጠርጉ ተስለው ነበር።

ልጅቷ ተመለሰች።

እሳቸውም በየቅዳሜው መጥረጊያቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጣሪያው ላይ የሌሊት ወፍ ተንጠልጥሏል፤ ወለሉ ላይ ኩሱ ደርቆ እንደ ዱቄት ይቦናል። ሲቦንባቸው «በረከቱ ይድረሰኝ» ይላሉ።

ከዚያ ሳል መጣ... ላብ... ክሳት።

ሐኪም ቤት «ሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም» ተባሉ። መድኃኒቱን ጨረሱ። ሳሉ ግን አላለቀም። ጎረቤት ኩባያቸውን ለየ።

ከዚያ ወሬው ተነሣ... «ደሳለ እየመጣ አንድ ነገር ይረጫል!»

ደሳለ ድሮ የዚሁ ዋሻ ጠራጊ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት «ቤተ ክርስቲያኗን ተሳድቧል» ተብሎ በሰበካ ጉባኤው ተባረረ። በሌለበት! ሳይጠየቅ!

(እንዲህ ያለ ስብሰባ አውቃለሁ... ዲግሪዬን ይዤ ደጅ ቆሜ፣ ውስጥ እጅ ሲያወጡብኝ። ይለፈን።)

ስለዚህ «ቂም አለው» ተባለ። ምልክቱ ደግሞ ሞልቷል...

ፊቱን በሻሽ ሸፍኖ ይመጣል።

ክዳኑ በተበሳሳ ሃይላንድ ወለሉን እየረጨ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

ሲጨርስ ሳይሳለም ይመለሳል።

መተት ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?

«ጠጣ እኮ ነው የምልህ!»

«ልቀቀኝና ልጠጣ» አለ ደሳለ። «አንገቴን አንቀህ በየት ይውረድ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው።

ደሳለ ጠጣ። ደገመ። አፉን በእጅጌው ጠረገ።

ሁሉም ጠበቀ... ምንም የለም።

«ማርከሻውን ይዞ ነው!» ብላ ጮኸች ገለቴ የምትባል ጎረቤት።

«ገለቴ፣ ይሄ ከምንጩ የቀዳሁት ነው። ጠዋት አንቺም ስትቀጂ አይቼሻለሁ። እንግዲያው ቤትሽ ያለውንም ድፊው!»

ከዚያ ወደ ቄሰ ገበዙ ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ዞረ።

«አባ ይፍቱኝ... እማማ አስቻለች ማሳል የጀመሩት መቼ ነው?»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ጥምቀት ሰሞን ነው።»

«እኔን ውኃ ይዤ መጀመሪያ ያዩኝስ?»

አባ መቋሚያቸውን ትክ ብለው አዩ...

«ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ልዋሽ አልችልም። ሳሉ ነው የቀደመ።»

ድንጋይ የያዘው ሰው እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ታዲያ ለምን ትረጫለህ?» አለ ሰውአገኝ። ድምፁ ወርዷል።

«መታመማቸውን ስሰማ ጊዜ... ሲጠርጉ አቧራው እንዳይቦን ነዋ! እኔም እዚሁ ስጠርግ እንደ እናትህ ያስለኝ ነበር። የነቀርሳውን መድኃኒት እኔም ውጫለሁ። ጎንደር ስሄድ ግን አንድ ሐኪም 'የት ነው የምትውለው?' ብሎ ጠየቀኝ። ዋሻ፣ የሌሊት ወፍ፣ መጥረጊያ... አልኩት። መረመሩኝ። ፈንገስ ነው አሉ። ኩሱ ውስጥ ያድጋል፤ ከአቧራው ጋር ሳንባ ይገባል። ከሰው ሰው አይጋባም። መድኃኒትም አለው።»

ሻሹ? ለአቧራው።

ከንፈሩ? ዳዊት እየደገመ።

ሳይሳለም መመለሱስ?

«ደጁን እንዳልሳለም ከልክላችሁኝ የለ?»



«ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅህ ለምን አልነገርከንም?» አለ ሰውአገኝ።

ደሳለ አየው...

«ነግሬያችሁ ነበር እኮ! 'ደረቁን አትጥረጉ፣ የወፉ ኩስ ያሳምማል' ብዬ። ለዚህ አይደል 'የቅዱሱን ዋሻ ሰደበ' የተባልኩት? ያን ዕለት ሲወሰንብኝ የጉባኤው ጸሐፊ ማን ነበር... ሰውአገኝ?»

ጸሐፊው ሰውአገኝ ነበር።

እናቱን ሊያድን የመጣውን ምክር፣ ገና በሩ ላይ ያባረረው እሱ ራሱ ነበር።

«ነገ በጠዋት እናትህን አሰናዳ» አለ ደሳለ ጀሪካኑን እያነሣ። «ጎንደር አብሬያችሁ እሄዳለሁ። የት እንደሚጠርጉ ለሐኪሙ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል።»

ሄዱ። ያው ፈንገስ ተገኘባቸው። ዛሬ እማማ አስቻለች መድኃኒት ላይ ናቸው፤ ሳሉ ቀንሷል፣ ላቡም ቆሟል።

ጉባኤውስ?

ተሰብስቦ ወሰነ... «ወለሉ ውኃ ሳይረጭ፣ አፍንጫ ሳይሸፈን እንዳይጠረግ!» የማን ሐሳብ እንደሆነ አልተነሣም። ደሳለ ዛሬም ታግዶ ነው ያለው።

ሰውአገኝ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጉልበቱን ስሟል ይባላል። ስብሰባው ላይ ግን... «ደሳለ ይመለስ» ብሎ እጁን አላወጣም።

ትምህርቱ፦ የሚያስጠነቅቃችሁን ሰው አፉን ከመዝጋታችሁ በፊት የሚለውን አጣሩ። ቅዱስ ቦታ ላይ ያለ አቧራም ሳንባ ውስጥ ሲገባ አቧራ ነው። መድኃኒት ወስዶ ሳሉ ያልለቀቀው ሰው ካላችሁ፣ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ፤ ግን የት እንደሚውል ለሐኪሙ ይንገር።

አሁን እናንተን ልጠይቅ...

ደሳለን ብትሆኑ፣ ሳይሰሟችሁ ላባረሯችሁ ሰዎች ውኃ ተሸክማችሁ ትመጡ ነበር? ወይስ «የእጃቸውን ያግኙ» ብላችሁ ቤታችሁ ትቀመጡ ነበር?

እኔ መልሴን አውቀዋለሁ... አልጽፈውም። እናንተ ግን እውነቱን ጻፉ።