ሠላሳ ትንፋሽ

ከፈለኝ ማሳል የጀመረው በግንቦት ነው። ቴፒ፣ ቡና መፈልፈያ ውስጥ ሃያ ዓመት አቧራ ሲውጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ሳሉ ማንንም አላስገረመም። ሚስቱን ሰርካዲስን ያስገረማት፣ «አንቺ ካልመጣሽ ሐኪም ቤት አልሄድም» ማለቱ ነው።

ሰርካዲስ ሐኪም ቤት አትወድም። እናቷ በእግሯ ገብታ በቃሬዛ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ ለራሷ አንዲት ኪኒን ቀምሳ አታውቅም፤ የመጣ ይምጣ ባይ ናት። ለባሏ ስትል ግን የምትሸጠውን አረቄ ከእሳት አውርዳ ተከተለችው። ክሊኒኩ በሚዛን መውጫ ያለው ዳገት ላይ ነው። እንዲያርፍ ብላ ሦስት ጊዜ ቆመችለት።

ነርሷ ሔዋን የከፈለኝን ደረት አዳምጣ የትንፋሽ መለኪያ ቱቦ አስነፋችው። ከዚያ ወደ ሰርካዲስ ዞረች።

«እትዬ፣ እርስዎም ከመጡ አይቀር ይንፉልኝ።»

ነፋች። ነርሷና ባሏ በር ዘግተው ብዙ ቆዩ። ሲወጣ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ፊሽካ የምታክል ፕላስቲክ ይዟል።

«የመተንፈሻ ጡንቻ ማጠንከሪያ ናት» አለ። «አየር ሲስቡባት ውስጧ ያለው ሞላ ይታገላል። ጠዋት ሠላሳ፣ ማታ ሠላሳ ጊዜ ነው። በየሳምንቱ ቁጥሯን ማክበድ ነው።»

የሚጎረሰውን ጫፍ ግን ሁለት ነበር የሰጡት።

ቤት ሲገቡ ከፈለኝ ከሕፃን ባሰ።

«አንቺ ቀድመሽ ሳቢ፤ እኔ እከተላለሁ።»

«በሽተኛው አንተ ነህ እኔ?»

«እንግዲያው ይቅርብኝ።»

ምን ታድርግ? ላብ እያጠመቃት፣ እየተራገመች፣ ሠላሳውን ትስባለች። እሱ አምስቴ ስቦ፣ ስሎ፣ ይመልስላታል። ቁጥሩን ማክበድም ለእሷ ቀረ። «ጭስሽ ገደለኝ» ስላላት ደግሞ የሠላሳ ዓመት ምድጃዋን ከጓዳ አውጥታ ደጅ ተከለችው።

ሰርካዲስ እንቅልፍ አጣች። አረቄ ትቀዳና ለማን እንደቀዳች ትረሳለች። ባሏ ገበያ ሄዶ ትንሽ ከዘገየ በር ላይ ትንቆራጠጣለች። ነርሷም በየቀጠሮው የምታያት በሐዘኔታ ነው፤ መበለት ሆና የታየቻት ይመስል። ይባስ ብሎ ከፈለኝ የክሊኒኩን ካርድ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አያወጣውም። ስትጠይቀው «የሐኪም ጽሑፍ ምን ያደርግልሻል?» ይላታል። ስንት ወር ቢቀረው ነው የሚደብቃት?

«ያለ አንተ ማን አለኝ?» አለችው አንድ ቀን፣ አልቅሳ።

«እንግዲያው ሳቢ» አላት፤ የእሱም ዓይን ረጥቦ ነበር።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ለቀጠሮ ወጡ። ሰርካዲስ ስለ ስኳር መወደድ እያወራች፣ አንዴም ሳትቆም ሽቅብ እየሄደች፣ ክሊኒኩ በር ላይ ደረሰች። ዞር ስትል ከፈለኝ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀስ እያለ ይመጣል።

«ሞቆኛል፤ ያዥልኝ» ብሎ ኮቱን ክንዷ ላይ ጣል አደረገና ወደ ነርሷ ክፍል ገባ።

ያበጠው ይፈንዳ አለች። ካርዱን ከውስጥ ኪሱ አውጥታ ገለጠችው።

«የታካሚ ስም፦ ሰርካዲስ ጥላሁን። ጾታ፦ ሴት።»