በእግሬ የለካሁት ካርታ

ጆሲያ ፕላምትሪ ከመጻሕፍት ሱቁ እስከ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ካርታ ግን ያሳትማል። ባቡር የባሕር ጠረፍ ከተማዋ ሳንድሌይ የገባ ሰሞን የሱቁን ታፔላ አወረደና «የሳንድሌይና የአካባቢዋ ካርታ ሊቅ» የሚል ሰቀለ። ማን ይከለክለዋል!

ሊቅነቱ እንዲህ ነው። ከአንድ አሮጌ ብረት ነጋዴ፣ በአያቱ ዘመን ለንደን የተቀረጸ የካርታ ማተሚያ የመዳብ ሰሌዳ ገዛ። የባሕር ወሽመጡ፣ መንደሩ፣ ረግረጉ አንድ ሳይቀር ተቀርጾበታል። ፕላምትሪ ያልወደደውን ከፊት እየፋቀ፣ የተፋቀው እንዲስተካከል ከጀርባ በመዶሻ እየቀጠቀጠ አጠፋ። በቦታው ለበጋ እንግዳ የሚጥም ነገር ቀረጸ።

ወንጀለኛ ይሰቀልበት የነበረው ኮረብታ «ውብ ዕይታ» ተባለ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ እየሸሸ በሚገልጠውና ተመልሶ በሚያጥለቀልቀው አሸዋ ላይ ወደ ማዶ በሚያሻግረው መንገድ ጥግ፣ ውሃው ሳይሸሽና መሪ ሳይያዝ አይኬድም የሚል ደቃቅ ጽሑፍ ነበር፤ እሱ ተፋቀና የሻይ ቤት ሥዕል ገባበት። የእብዶች ቤት ድራሹ ጠፋ። የኖራ ጉድጓዱ ደግሞ «የሮማውያን መታጠቢያ» ሆኖ አረፈው፤ አንድ ጡረተኛ መምህር አፋፉ ላይ ቆሞ ስለ ሮማ አልቅሷል አሉ። የቀራጩ ስም በነበረበት ቦታ «በጄ. ፕላምትሪ እግር ተለክቶ የተሠራ» ተብሎ ተጻፈ። ዓይንን በጨው አጥቦ መምጣት ይሄ ነው።

ካርታው ተቸበቸበ። ሚስቱ ሴሊና ፎቅ ላይ ለእንግዳ ክፍል ታከራያለች፤ ለተከራየ ሁሉ አንድ ካርታ በነጻ ትሰጣለች።

ነገሩ የተበላሸው ጋዜጣ ሲመጣ ነው። የለንደኑ ካርታ ሠሪ ወራሾች፣ ሥራቸውን የሚሰርቁትን የጠረፍ ከተማ አሳታሚዎች ማሳደድ ጀምረዋል ይላል። ጎረቤት ከተማ ያለው አሳታሚ ሱቁ ታሽጎ፣ ራሱም እስር ቤት ገብቷል። ፕላምትሪ ይህን ሲያነብ ጋዜጣውን አጣጥፎ መደርደሪያው ሥር ደበቀ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ቀጭን ሰው ከተማው ገባ። ካርታ ገዛና ወደ ባሕሩ ወረደ።

ሴሊና በመስኮት አየችው። «ጆሲያ፣ ሰውዬህ አሸዋው ላይ ነው። ካርታህን ዘርግቶ ከፖሊሱ ጋር ይለካል።»

«ይለካል?»

«አዎ፣ አንተ ያልለካኸውን!»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማሻል! አለቀልኝ በቃ። የወራሾቹ ሰው ነው።»

«ታዲያ እውነቱን ንገረው። አሮጌ ሰሌዳ ገዝቼ ነው፣ ይቅርታ በለው።»

«እኔ? የካርታ ሊቁ? አብደሻል እንዴ?»

«አይ ሊቅ! እኔ የራሴ ጣጣ አለብኝ። እነዚያ ፎቅ የተከራዩት የማንችስተር ሙሽሮች ካርታህን ይዘው ሽርሽር ብለው እንደወጡ ቀሩ። ሻንጣቸው እዚሁ ነው፤ የጠበስኩላቸው በግ ድንጋይ ሆነ።»

«ሙሽራ ሆነው በግ ምን ያደርግላቸዋል? ካንቺ የተሻለ አልጋ አግኝተው ይሆናል።»

ሴሊና የያዘችውን ጨርቅ ፊቱ ላይ ወረወረችበት።

በማግስቱ ሰውዬው ሱቁ ገባ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አሸዋ ነው። ሱቁ በእንግዳ ተሞልቷል። ፕላምትሪ ሌሊቱን ሙሉ የተለማመደውን ድፍረት ፊቱ ላይ ለጠፈ።

«ስሜ ሆልሮይድ ይባላል» አለ ሰውዬው። «የመጣሁት...»

«አውቃለሁ ጌታዬ! ማን እንደሆኑም፣ ለምን እንደመጡም አውቃለሁ!»

«ካወቁማ ጥሩ፣ ብዙ አንደክምም። ይህን ካርታ የሠራው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ሌላ ሰው እጁ የለበትም?»

«የሌላ ሰው አንዲት ጭረት የለበትም!» አለና ወደ ገበያተኞቹ ዞረ። «ስሙ ክቡራን፣ ስሙልኝ! ሁላችሁም ምስክሮቼ ናችሁ!»

ሆልሮይድ ፊቱን አሸት አሸት አደረገ። የደከመው ይመስላል። «ሚስተር ፕላምትሪ፣ ረጋ ብለው ያስቡበት። ከአሮጌ ካርታ ቀድተውት ከሆነ፣ ስሕተቱም የሌላ ሰው ከሆነ፣ አሁን ቢነግሩኝ ለእርስዎ ይበጃል።»

ፕላምትሪ በሆዱ ሳቀ። ወይ ብልጠት! በለስላሳ ቃል ሊያጠምደኝ? ጎረቤት ከተማ ያለውን ቂል እንዲህ አድርገው ነው የበሉት።

«ስሕተት? እኔ ካርታ ላይ?»

«ይህ በአሸዋው ላይ የሚያልፈው መንገድስ?» ሆልሮይድ ጣቱን ካርታው ላይ አሳረፈ።

«እሱማ ከሁሉም በላይ የኔ ነው! በራሴ እግር የለካሁት! ዓይኔን ጨፍኜ እሻገረዋለሁ!»

«አጠገቡ ምንም ማስጠንቀቂያ እንዳይጻፍ የወሰኑትም እርስዎ ነዎት?»

«የተጻፈውም የኔ፣ ያልተጻፈውም የኔ!»

አንዲት ወይዘሮ «ጎበዝ!» አሉ። ሴሊና ጓዳው በር ላይ ቆማ በእጇ ተው ተው አለችው። እሱ እንኳን ሊተው፣ ሙገሳ ሲሰማ ደረቱ ጨርሶ ተነፋ።

«ይህንን በመሐላ ያረጋግጣሉ?» አለ ሆልሮይድ።

ፕላምትሪ ለሽያጭ ከተደረደሩት መጽሐፍ ቅዱሶች ትልቁን መርጦ እጁን ጫነበትና ሁሉም እየሰማው ማለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። በሕይወቱ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም።

«እንግዲህ ለንደን ላሉት ጌቶችዎ ይንገሯቸው!» አለ፣ ላቡን እየጠረገ። «ፕላምትሪ የሰው ሥራ አይሰርቅም!»

«ለንደን ማንም የለኝም» አለ ሆልሮይድ ባርኔጣውን እያነሳ፤ «እኔ የአውራጃው አስከሬን መርማሪ ዳኛ ነኝ።»