ያልበራው ናሙና

ኮላጅን ቆዳን አያይዞ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ እሱን ፈልጎ የሚጣበቅበት የላብራቶሪ መለያ፣ አንቲቦዲው፣ ሲያገኘው አረንጓዴ ያበራል። ቆዳው በትንሽ ግጭት ከሚቀደደው ሕፃን በተወሰደው ናሙና ላይ ግን ተመራማሪዋ ደጋግማ ብትሞክርም የታያት ጨለማ ብቻ ነበር። ሕፃኑ ኮላጅን ከሌለው ደግሞ ሕመሙ መድኃኒት የለውም።

«ዶክተር፣ ዛሬም እምቢ አለ?» አለች የላብራቶሪው በር ላይ የምትጠብቀው የሕፃኑ እናት።

«አይዞሽ፣ የተበላሸው የእኛ አንቲቦዲ ነው።»

ተመራማሪዋ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። «መንገድ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ከርሞ ነው የመጣው» ብላ ተነጫነጨች።

«ከመርገምሽ በፊት በጤነኛ ቆዳ ፈትኚው» አላት ባልደረባዋ።

«በማን ቆዳ?»

«በተናደደው ሰው።»

ክንዷን አደንዝዛ ቅንጣት ቆረጠች፤ ያንኑ አንቲቦዲ አደረገችበት። በማይክሮስኮፑ ስታይ የራሷ ቆዳ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ።

ባልደረባዋም ጎንበስ ብሎ አየ። «አንቲቦዲው ደህና ነው» አለ።

«ተመስገን» አለች እናትየው ከበሩ ውጭ።