የድቡ አንገት

ኬክ ሠሪዋ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ኬኩ ላይ ያለው ድብ ፊት ለፊት ያያል። ትናንት አመሻሽ ላይ ትታው ስትሄድ ግን አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋው ነበር።

ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ኬኩን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ጆሮዎቹም ትንሽ ተለቅ ብለዋል። ይህ የእሷ ድብ አይደለም።

ኬኩን ያዘዘችው ደንበኛ ለሰባት ዓመት ልጇ ልደት ነው የፈለገችው። ስታዝዝ ሦስት ጊዜ የደጋገመችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ኦቾሎኒ ጉሮሮውን ይዘጋዋል። ባለፈው ዓመት የተረፈው ለጥቂት ነው።» ኬክ ሠሪዋም «በእኔ ጣይው» ብላ ሸኘቻት።

እንዲህ ያለ ድብ የሚቀረጸው ከፈነዳ ሩዝ ነው። ሩዙን በቀለጠ ማርሽሜሎ፣ በዚያ በሚለጠጠው ነጭ ከረሜላ፣ ለውሰው ሳይቀዘቅዝ እንደ ጭቃ ይጠፈጥፉታል። ትናንት ማርሽሜሎ ከገበያ ጠፋ። ሦስት ሱቅ ዞራ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ ከስኳር ጋር እስኪቀላ የተንተከተከ ወተት ይተካዋል ብላ ወሰነች። ወፍራም ነው፤ ሩዙን ይይዛል። ቀለሙም ለድብ ፀጉር ይስማማል።

ወተቱ ሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ አራተኛው ውስጥ የኦቾሎኒ ቅቤ። ጠርሙሶቿ ላይ ስም ለጥፋ አታውቅም። ስም የሚለጥፍ ሥራውን ያልለመደ ሰው ነው ትላለች። ሰኞ ዕለት ባሏ ግድግዳውን ቀብቶ ሲጨርስ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወልውሎ መደርደሪያው ላይ መልሷቸዋል። «ወታደር አስመስዬ አሰለፍኩልሽ» ብሎም ቀልዷል። ትናንት የሦስተኛውን ክዳን ከፈተች፣ እንደ ልማዷ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ግማሹን ሩዙ ላይ ገለበጠች።

አጠገቧ ዱቄት ትነፋ የነበረችው የባሏ እህት ወንፊቷን አቆመች። «እትዬ፣ እሱ እኮ...»

«ሥራሽን ሥሪ!»

የባሏ እህት ሁለት ዓመት አብራት ሠርታለች። እጇ ቀና ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ደንበኞች ገና ከበር «ያቺ ልጅ የለችም?» ማለት ጀምረዋል። የጎረቤቷ ፀጉር ሠሪ ደግሞ «የራሷን ሱቅ እያፈላለገች ነው አሉ» ብላ ሹክ ካለቻት ወዲህ፣ ኬክ ሠሪዋ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ከከረመባት ጉንፋን ወዲህ ሁሉም ነገር ያበሳጫታል። ባለፈው ሳምንት ምድጃው አጠገብ ቆማ በስልክ ስታወራ፣ ይህችው የባሏ እህት ከጓዳ በሩጫ መጥታ እሳቱን አጠፋችባት። «ቅቤው እያረረ ነው!» አለች። ማን ጠየቃት? እሑድ ደግሞ ባሏ ሾርባ ቀምሶ «ነጭ ሽንኩርቱን በአካፋ ነው እንዴ የጨመርሽው?» ሲል ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የባሏ እህት ብቻ አልሳቀችም። ትክ ብላ ኬክ ሠሪዋን ታያት ነበር። ያ አስተያየት ሳምንቱን ሙሉ ሆዷን በላው።

ትናንትም «ዕቃውን እኔ አጥቤ እዘጋለሁ፣ አንቺ ሂጂ» ያለችው እሷው ናት።

ኬክ ሠሪዋ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። ሦስተኛው ጠርሙስ እንደተወችው ግማሽ ነው። አራተኛው ትናንት አፍ እስከ ገደፉ ሙሉ ነበር። አሁን እሱም ግማሽ ሆኗል።

ልጁ ሻማውን እፍ ብሎ፣ የድቡን ጆሮ ገንጥሎ ሲጎርስ ታያት። እናቱ ስትጮኽ ሰማች።

ኬኩን ሊወስዱ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ግማሽ ሰዓት ቀርቷታል። ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ ቆሻሻ መጣያውን ዘረገፈች። የእጅ መታጠቢያው ሥር የተቋጠረ ፌስታል አገኘች። ውስጡ አንገቱን ወደ ግራ ያዘነበለው የራሷ ድብ ምንም ሳይሆን ተቀምጧል። ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

የባሏ እህት የገባችው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ጣቷ ተቃጥሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ኬኩ ላይ ያለውን ድብ ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ከአራተኛው ጠርሙስ?»

«አዎ። እትዬ፣ ልነግርሽ ፈልጌ...»

«ልጁን ልትገይው ነው? የእኔ ሱቅ ተዘግቶ ያንቺ እንዲከፈት?»

«በእናቴ ሞት እንደዚያ አይደለም! እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።»

«የሚያሳፍር ምን ሠራሁ?»

የባሏ እህት እንባዋን በተጠቀለለው ጣቷ ጠረገች። «እሺ፣ የያዝሽውን ድብ አንዴ ብቻ አሽትቺው።»

ኬክ ሠሪዋ ድቡን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ሁለቴ በረጅሙ ሳበች።

«ወተትና ስኳር!» አለች። «የገዛ እጄን ሥራ አንቺ ልታስተምሪኝ?»

ባሏ ኬኩን የሚያሽግበት ካርቶን ተሸክሞ ገባ። እሷም ድቧን እጁ ላይ አስቀምጣ «ያዝልኝ፣ ይሄን ላንሳውና እሱን እንተካለን» አለችው። ወደ ኬኩ ዞራም ፊት ለፊት የሚያየውን ድብ አንገቱን ይዛ ነቀለችው።

«ኧረ ይሄ የያዝኩት ድብ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይሸታል» አለ ባሏ ከኋላዋ።