ከደጀ ሰላሙ ወዲህ

«እዚያው ግንቡ ሥር ቁሚ» ይላታል ወንድሟ ኖርማን፣ ጥቁር ጓንቱን እያወለቀ። «ቦታሽ ከእነሱ ጋር ነው።»

ሄስተር ወዳመለከተበት አትዞርም። እነማን እንደቆሙ ታውቃለች፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው ጨብጠው ካፊያ የሚደበድባቸው የአይሪሽ ጎዳና ካቶሊኮች ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከአባቷ ጋር በገጠሩ መንገድ ላይ የብረት ኳስ ውርወራ ሲጫወቱ ኖረዋል። ሊቀብሩት መጥተዋል፤ ጸሎቱ እስኪያበቃ ግን ከደጀ ሰላሙ አያልፉም። ቄሶቻቸው የፕሮቴስታንት መቅደስ ደፍ መርገጥን ከልክለዋል። የሬሳ ሳጥኑ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ትከሻቸውን ይሰጣሉ።

እሷም ከእነሱ ወገን አግብታ፣ ሃይማኖቷን ለውጣለች።

«ውስጥ ያለው አባቴ ነው።»

«አባትሽማ በር ከፍቶ ስንት ዘመን ጠበቀሽ።»

«በሩን የዘጋኸው አንተ ነህ።»

«እኔ? እስቲ ቀና በይ!» ከማዶ ያለውን ኮረብታ በአገጩ ያሳያታል። የካቶሊኮቹ ካቴድራል መንታ ማማዎች ደመናውን ወግተው ቆመዋል። «ያን ሁሉ ድንጋይ የከመራችሁት ቁልቁል ልታዩን አይደል? ሂጂና እዚያ አልቅሺ። ደረጃው ራሱ ሐዘንሽን ያስረሳሻል።»

«የከመርነውማ ይህንን መቅደስ ስለቀማችሁን ነው» ይላል ከግንቡ ሥር ሽማግሌው ማላኪ። «ቅዱስ ፓትሪክ እዚህ መሠረት ሲጥል፣ የአንተ ቅድመ አያት ስኮትላንድ ውስጥ በግ ይሰርቅ ነበር።»

ሰዎቹ ይስቃሉ።

«ጋሽ ማላኪ፣ ቀብር ላይ ነን።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ለእኔ ብለው ከሆነ ዝም ይበሉልኝ።»

የሽማግሌው ፊት ይጠቁራል። «ዝም እላለሁ። አንቺ ግን ያንን ደፍ ከረገጥሽ፣ እሑድ ቄሱ በምእመኑ ፊት ስምሽን ጠርተው ሳያወግዙሽ አይውሉም። ቁርባንሽን አስቢ። ባልሽንም አስቢ፤ ከእኛ ወገን ማን ሱቁን ይረግጥለታል?»

አርማ፣ የአየርላንዷ ከተማቸው፣ እንዲህ ናት። የኖርዌይ ወራሪዎች አቃጥለዋታል፤ የገዛ ነገሥታቷ ዘርፈዋታል። በየትውልዱ ከአመዷ ላይ ግንብ ታነሣለች፤ በር መክፈት ግን አለመደባትም። እንግሊሽ ጎዳና፣ ስኮች ጎዳና፣ አይሪሽ ጎዳና፦ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት የቤቱ አድራሻ ወገኑን ይናገርበታል።

ከውስጥ ኦርጋኑ ይነሣል። አባቷ ወፍራም ድምፁን ይለቅበት የነበረው መዝሙር ነው። ሲያልቅ ሳጥኑ ይነሣል፤ ሽማግሌው አባቷ ጊልፒንም ሴት ልጅ እንዳልወለደ ሰው ይሸኛል።

ኖርማን በሩን በክንዱ አጥሮ «አትደፍሪም» ይላል። «አውቅሻለሁ።»

በክንዱ ሥር ጎንበስ ብላ ታልፋለች። ከኋላዋ፣ ከግንቡ ሥር፣ አንዱ መሬት ላይ እንትፍ ሲል ትሰማለች።

ውስጡ ይቀዘቅዛል። ከግድግዳው ላይ የድሮ ጦር ሠራዊት ሰንደቆች፣ ጥይት የበሳቸውና ብል የበላቸው፣ ተንጠልጥለዋል። የተጠመቀችው እዚህ ነው። መዝሙሩ ሳይቋረጥ ራሶች አንድ በአንድ ወደ እሷ ይዞራሉ። ሄስተር የጊልፒን ልጅ ሆና ልትገባ አንገቷን ታቀናለች።

ቀኝ እጇ ግን ሳያማክራት ከበሩ አጠገብ ወዳለው ግድግዳ ይሄዳል። በማዶው ኮረብታ፣ በየሳምንቱ ስትገባ ጣቷን ነክራ የምታማትብበትን የተባረከ ውሃ ይፈልጋል። እዚህ ውሃም፣ የውሃ ገንዳም የለም። ጣቶቿ ያገኙት ልሙጥ፣ ደረቅ ድንጋይ ነው።

መዝሙሩ ከኋላ ወንበሮች ጀምሮ እየሳሳ ይመጣል። አክስቷ መጽሐፏን ትከድናለች።

«አየሽ?» ይላል ኖርማን፣ ከጆሮዋ ሥር፣ በእርካታ። «እነዚያ ጨርሰው የራሳቸው አድርገውሻል።»

እጇ ድንጋዩ ላይ እንዳለ ይቆያል። እስካሁን ያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ ወደ ኪሷ ልትመልሰው ትችላለች። ዐይኗን ከአባቷ ሳጥን ሳትነቅል፣ ደረቅ ጣቶቿን ወደ ግንባሯ ታነሣለች፤ ቀስ ብላ፣ ከፊት የተቀመጡትም እስኪያዩዋት ድረስ።