የሰዓድ ጎፈሬ

ኔትወርክ ስለተቋረጠ ሰዓድ የቲክቶክ ቪዲዮውን መሰረዝ አልቻለም። ቪዲዮው ላይ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ የአጎቱን ጠመንጃ ታቅፎ፣ በሐይቁ ዳር «ወንድ የሆነ ይምጣ!» ይላል። አሁን ያኔ የፎከረባቸው ታጣቂዎች ከተማው ገብተዋል። እህቱ ሂዳያ እንዳይለዩት ብላ ጎፈሬውን በመቀስ ከርክማ በምላጭ ትላጨው ጀመር።

«ወላሂ ተኩሼ አላውቅም» አላት።

«ወንድ የሆነ ይምጣ አልክ፣ መጡልህ። አሁን አንገትህን አትነቅንቅ።»

የራሱ ግማሽ ሲገለጥ ፊቱ የልጅነቱን መሰለ፤ እንዲህ ሆኖማ ማንም አያውቀውም ብላ ተስፋ አደረገች። ይሄኔ ጎረቤታቸው ዑምኩልሱም እያለከለከች ገባች።

«አንቺ ሂዳያ! ሻይ ቤት ያሉት ልጆች ቪዲዮውን በስልካቸው ይዘውት ኖሯል። ታጣቂዎቹ እሱን እያዩ ይስቃሉ፤ ‹የዚህ ወንድ ቤት የት ነው?› እያሉ።»

ሂዳያ ምላጩን ውሃ ውስጥ ነክራ የቀረውን ግማሽ መላጨቷን ቀጠለች።